ሽማግሌ ያጣ አበባ

ሐብሐብ የሚገዛ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ በጣቱ አንኳኩቶ ያዳምጣል፤ ሌላው እንደ ጨቅላ ልጅ አቅፎ ክብደቱን ይገምታል፤ ሦስተኛው አገላብጦ መሬት ላይ ተኝቶ የዋለበትን ጎኑን ይፈትሻል። ያ ጎን ነጭ ከሆነ «ጥሬ ነው»፣ ወደ ቢጫ ካደላ «ደርሷል» ብሎ ይፈርዳል። (ለነገሩ ከሁሉም የተሻለው ሐኪም ይኸኛው ነው።) እኛ ሰፈር፣ ጉርድ ሾላ፣ ሐብሐብ የጫነ አይሱዙ መንገድ ዳር በቆመ ቁጥር ይህን ምርመራ ቆሜ አያለሁ። ሐኪሞቹ በምርመራው ስልት ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ። አንድ ጎኑ ሞልቶ ሌላ ጎኑ የሟሸሸውን፣ ወይም ወገቡ ላይ እንደ ቅል የጠበበውን ሐብሐብ ማንም አያነሣውም። «ይኼ በሽታ አለው» ይባልና ወደ ዳር ይገፋል።

በሽታ የለውም። ሠርጉ የተበላሸበት ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐብሐብ እንደ ዘመዶቹ እንደ ዱባና እንደ ቅል ሁሉ ወንዴና ሴቴ አበባውን ለየብቻ የሚያወጣ ተክል ነው። ሁለቱም በአንድ ሐረግ ላይ፣ አንዳንዴም በክንድ ርቀት ይበቅላሉ፤ ወንዴዎቹ በቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ሴቴዋን መለየት አያስቸግርም። ከቢጫ አበባዋ ሥር የአውራ ጣት ጫፍ የማታክል፣ ጠጉራም፣ ቁርጥ ሐብሐብ የምትመስል ፍሬ ይዛ ነው የምትወለደው። እንግዲህ ፍሬው አለ ማለት ነው፤ የጎደለው ከወንዴው አበባ የሚመጣው ዱቄት ነው። የዱቄቱን መድረስ የትምህርት ቤት መጻሕፍት «ርክበ ብናኝ» ይሉታል። ይህ ዱቄት ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ እንደ በቆሎ ዱቄት ነፋስ አይወስደውም። ሁለቱ አበቦች ፊት ለፊት እየተያዩ ዕድሜያቸውን ቢጨርሱ አይገናኙም። ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል። ሽማግሌዋ ንብ ናት።

ዕድሜያቸውስ ስንት ሆነና! አንዲት ጠዋት ናት። አበባዋ ፀሐይ ስትወጣ ትከፈታለች፤ ከሰዓት በኋላ ትዘጋለች፤ ነገ የሚባል ነገር የላትም። ጉዳዩን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሜዳ ላይ ተቀምጠው የቆጠሩ ተመራማሪዎች፣ አንዲት ሴቴ አበባ ወግ ያለው ፍሬ እንድትይዝ በዚያች ጠዋት ንብ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ያህል ልትጎበኛት እንደሚገባ አግኝተዋል። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ብዙ ነው፤ ሐብሐብ ከእኛ የባሰች ኩሩ ናት። ሴቴዋ ዱቄቱን የምትቀበልበት ጫፍ በሦስት የተከፈለ ነው። ሦስቱም ወገን በቂ ዱቄት ካልደረሰው፣ በቀረው ወገን ያለው ዘር አይፀነስም፤ ዘሩ ያልፀነሰበት ወገን ደግሞ ሥጋ አይሞላም፤ ፍሬው የሚወፍረው በዘሮቹ ትእዛዝ ነውና። እንግዲህ ያ የሟሸሸው ጎን ንቧ ያልደረሰችበት ጎን ነው። ጨርሶ ካልመጣች ትንሿ ፍሬ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጫ ሆና፣ ጠውልጋ ትረግፋለች።

«ዘር የሌለው ሐብሐብስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጃፓናዊው ሂቶሺ ኪሃራና ባልደረቦቹ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ያወጡት ያ ሐብሐብ በእኛ አነጋገር በቅሎ ነው። የክሮሞሶም ቁጥራቸው ከማይመጣጠን ሁለት ወላጆች ይወለዳል፤ ራሱ ግን አይወልድም። ሆኖም እሱም ዱቄት ካልደረሰው ፍሬ አይዝምና ገበሬው በመካከሉ ዘር ያለውን ሐብሐብ ጣልቃ እያደረገ ይተክላል። በቅሎዋም ሠርግ ትሻለች።

ሐብሐብ ደግሞ ባዕዳችን አይደለም። ስሙን ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከሒጃዝ ዐረብኛ ጋር እንጋራዋለን፤ ዘሩ ከቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ተገኝቷል፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የዘር ጥናት ደግሞ የቅርብ ዘመዱ የሱዳኑ የኮርዶፋን ሐብሐብ መሆኑን አሳይቷል። የጎረቤት ልጅ ነው በሉት።

እኔ ያለኝ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ነው፤ የእርሻ ትምህርት አልተማርኩም። ይህን ሁሉ ያስጠናኝ የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ለዓመታት የሰው መኪና ሲያሽከረክር ኖሮ፣ ያጠራቀመውንና ከዘመድ የተበደረውን አንድ ላይ አድርጎ መቂ አጠገብ ግማሽ ሄክታር መሬት በኮንትራት ያዘ፤ የውኃ ሞተር ገዛ፤ ሐብሐብ ዘራ። ከብድሩ ውስጥ አንዱ የእናቴ የእቁብ ዕጣ ነበር። ስለዚህ የመቂ ሐብሐብ በእኛ ቤት የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

አንድ ቀን በጠዋት ደወለ። «አንቺ የተማርሽ አይደለሽ?» አለኝ። «ሜዳው በአበባ ተሞልቷል፤ ፍሬው ግን የአውራ ጣት እያከለ ይረግፋል። የተረፈውም ጎባጣ ነው። ነጋዴ ካየው አያነሣውም። እስኪ መድኃኒት ጠይቂልኝ።»

መድኃኒት ማለቱ የሚረጭ ኬሚካል ነው። ዛሬ ገበሬ «መድኃኒት» ሲል ሌላ ማለቱ አይደለም። የማውቀውን አንድ የአትክልት ባለሙያ ጠየቅሁት። መድኃኒት አላዘዘም። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አበባው መካከል ቁጭ ብሎ ንብ ይቁጠር» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። መልእክቱን ሳደርስ የአክስቴ ልጅ ሳቀ፤ «እኔ ስለ ብር ሳወራ ንብ ቁጠር ትላላችሁ» አለ። በማግስቱ ግን ቆጠረ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያየው አንድ ንብና ጥቂት ዝንብ ብቻ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ተነሥቼ ሄድኩ።

ከአዲስ አበባ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ መቂ ሲደርሱ አየሩ ሌላ ነው፤ ሙቀቱ ለሐብሐብ የተፈጠረ ነው። የአክስቴ ልጅ ማሳ በሁለት በኩል በቲማቲም ተከቧል። ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መርጫ ያዘሉ የቀን ሠራተኞች በቲማቲሙ መካከል ይመላለሱ ነበር፤ ነጩ ጉም ከእነሱ እየተነሣ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ይመጣል። ሽታው ምላስ ላይ ይቀራል። ከቲማቲሙ ባሻገር ግራሮች አሉ፤ በግራሮቹ ላይ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። የቀፎዎቹን ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ ልናነጋግር ሄድን።

አዛውንቱ ሁሉን ያውቁታል። «አንድ ቀን ጠዋት ብመጣ» አሉን፣ «ከቀፎው አፍ ሥር እንደ ተቆላ ቡና ፈስሰው አገኘኋቸው። አንዳንዶቹ ገና እየተሽከረከሩ ነበር።» ቀፎዎቻቸው አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። የተረፉትን ንቦች ራቅ አድርገው፣ ከኮረብታው ጥግ ወስደዋቸዋል።

እኔ ያነበብኩትን አጫወትኳቸው። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ የለውዝ ዘመድ የሆነው የአልሞንድ ዛፍ ሲያብብ—አልሞንድ ከእኛ ለውዝ ጋር ዝምድና እንኳ የለውም፤ ስም ሳጣለት ነው—በየዓመቱ በየካቲት ገደማ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቀፎ በከባድ መኪና እየተጫነ ከየግዛቱ ይመጣል፤ ባለንቡ ማሩን ትቶ ኪራይ ይበላል።

«ንብ ይከራያል?» አሉና ረጅም ሳቅ ሳቁ።

የአክስቴ ልጅ ሳቁን ተከትሎ ገባ። «አባባ፣ እርስዎም ሁለት ሦስት ቀፎ ወደ እኔ አጥር ጠጋ ያድርጉልኝ፤ እከፍላለሁ።»

ሳቁ ቆመ። «ልጄ» አሉት፣ «ልጄን ለሠርግ እልካለሁ፤ ለጦርነት ግን አልክም። መጀመሪያ እነዚያን አነጋግር።» በአገጫቸው ወደ ቲማቲሙ አመለከቱ።

እነዚያ ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ጽሑፌ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን የቲማቲሙ ባለቤቶች እንደ አክስቴ ልጅ መሬት በኮንትራት የያዙ፣ እንደ እሱ ዕዳ ያለባቸው ሁለት ወጣቶች ናቸው። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው፣ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በ2012 (እ.ኤ.አ.) አገራችን የገባው የቲማቲም ትል ቅጠሉንም ፍሬውንም ውስጥ ለውስጥ ይቦረቡራል፤ ሳምንት ከተዘናጉለት ማሳውን አመድ ያደርገዋል። ስለዚህ ይረጫሉ። የጠየቅናቸው መርጨቱን እንዲተዉ አልነበረም፤ ሰዓቱን ብቻ ነው። የሐብሐብ አበባ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፤ ንብም ወደ ማታ ወደ ቀፎዋ ትገባለች። ያው መርዝ በዚያው መጠን ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ቢረጭ የሚገድለው ንብ እጅግ ያነሰ ነው። አንዱ ወጣት በትዕግሥት አዳመጠኝና «እህቴ፣ የቀን ሠራተኛ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ይነሣል፤ መድኃኒቱን ሜዳ ላይ ነው የሚደፋው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛው ያወጣው የኬሚካል ጠርሙስ ላይ ያለው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ ነው። ስለ ንብ የሚል መስመር ነበረበት፤ አንብቤ ስተረጉምለት «ይኼ ሁሉ ተጽፎበታል እንዴ?» አለ። ሸያጩ በአፍ የነገረው ለአንድ መርጫ ስንት ክዳን እንደሚገባ ብቻ ነው። እንግዲህ መርዝን ከነማስጠንቀቂያው ገዝቶ ማስጠንቀቂያው የማይገባው ገበሬ ምን ይባላል? ጥፋተኛ ብሎ ለመጥራት አፌ አልታዘዘልኝም።

እስኪስማሙ ድረስ አበባው አይጠብቅም። በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እኔ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ባለቤቱና ሁለት ልጆቻቸው ራሳችን ንብ ሆንን። ወንዴውን አበባ ትቀጥፉታላችሁ፤ ቢጫውን ገላልጣችሁ ትጥሉና መካከሉ ላይ የቀረውን ዱቄታም እምብርት በሴቴዋ ጫፍ ላይ፣ ሦስቱም ወገን እንዲዳረስ፣ ቀስ አድርጋችሁ ታሻሹታላችሁ። የጨረሳችኋትን እንዳትደግሟት በቀይ ክር ታስራላችሁ። ልጆቹ ከእኛ ይበልጡ ነበር፤ ጣታቸው ቀጭን ነው፤ ወገባቸውም አያውቅም። እኔ ከሦስተኛው መስመር በኋላ ቀና ማለት አቃተኝ። አራት ሰዓት ሲሆን ከማሳው ሩቡን እንኳ አላዳረስንም፤ ፀሐዩም በረታ፤ አበባዎቹም መታጠፍ ጀመሩ። በቻይና፣ በሲቿን ግዛት፣ የሀንዩዋን ገበሬዎች ንብ ስለጠፋባቸውና የሸንኮር ዛፋቸው—ፒር የሚሉት ፍሬ—እርስ በርሱ ስለማይስማማ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዛፍ ላይ እየወጡ አበባውን አንድ በአንድ በላባ እንደሚዳብሱ አንብቤ ነበር። ሳነበው የጥበብ ሥራ መስሎኝ ነበር። መቂ ላይ ያየሁት የቀን ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሚጠይቅ የቀን ሥራ። የአክስቴ ልጅ በእጁ መዳፍ ላይ በእስክርቢቶ አሰላው። አምስት ሰው፣ በቀን ይህን ያህል፣ አበባው እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት። ስሌቱን ጨርሶ እጁን በሱሪው ጠረገ።

ከአምስት ቀን በኋላ ግን ቀይ ክር የታሰረባቸው አብዛኞቹ ማበጥ መጀመራቸውን በስልክ ነገረኝ። ክር የሌላቸው ወርደው አልቀዋል።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሬ ስም ራሱ ሌላ ነገር ይነግረኝ ጀመር። ጉርድ ሾላ፤ የተጎረደ ሾላ። ዛሬ ሾላ ሲባል ለአብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ገበያው ወይም ወተቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ከአንድ ጉርድ ዛፍ ስም ሁለት ጣቢያ ወጣ፤ ጉርድ ሾላ አንድ እና ጉርድ ሾላ ሁለት። ዛፉ ግን በሽምግልና ረገድ ከሐብሐብ የባሰ ጉደኛ ነው። ሾላ አበባ አለው ወይ ብትባሉ «አላየሁም» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። ፍሬ የምንለው ራሱ በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን አበቦች የተደረደሩበት፣ በጫፉ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች በር ብቻ ያለችው አዳራሽ ነው። በዚያች በር የምትገባው ንብ አይደለችም፤ ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ናት። ሳይንሱ ሴራቶሶለን አረቢከስ ይላታል። በሩ ስለሚጠባት ስትገባ ክንፏ ይቀነጠሳል። ደረቷ ላይ ባሉ ኪሶች—አዎን፣ ኪሶች—ይዛ የመጣችውን ዱቄት እያወጣች አበቦቹ ላይ ታኖራለች፤ በከፊሎቹ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እዚያው ትሞታለች። ጊዜው ሲደርስ ክንፍ የሌላቸው ወንዶች ቀድመው ይፈለፈላሉ፤ ሴቶቹን ካገኙ በኋላ ግድግዳውን በስተው መውጫ ይሠሩና ይሞታሉ። ሴቶቹ ኪሳቸውን በአዲስ ዱቄት ሞልተው በዚያ መውጫ ወደ ሌላ ሾላ ይበራሉ።

ይህን በምሥራቅ አፍሪካ ሾላዎች ላይ አጥንተው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጋሊልና አይሲኮቪች የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን ናቸው። በዚያው አዳራሽ የምትገባ፣ እንቁላሏን የምትጥል፣ ዱቄት ግን የማታደርስ ሌላ ተርብ አለች፤ ሽማግሌ መስላ ገብታ ድግስ በልታ የምትሄድ ማለት ነው። ስሟ ሴራቶሶለን ጋሊሊ ነው። ምስኪን ጋሊል! ለዕድሜ ልክ ልፋቱ የተሰየመችለት አታላይዋ ናት።

ሾላው በጥንት ዘመን ወደ ግብፅ ሲሻገር ደግሞ ደጓ ተርብ አብራው አልሄደችም። ስለዚህ የግብፅ ሾላ ዘር የለውም፤ ከቅርንጫፉ እየተቆረጠ ነው ሲተከል የኖረው፤ ፍሬው እንዲበስልም ሰዎች አንድ በአንድ በስለት ይበጡት ነበር። የነቢዩ አሞጽ ሙያ ይኸው እንደ ነበር የሚናገሩ ሊቃውንት አሉ። ሽማግሌዋ በቀረችበት አገር ሁሉ ሰው በእጁ ይሠራል፤ ከሀንዩዋን በፊት ግብፅ ነበረች፤ ከግብፅ በኋላ መቂ።

እዚህ ላይ ግን ማስፈራራት አልፈልግም። ንብ ከጠፋች የሰው ልጅ አራት ዓመት ነው የሚኖረው የሚለውና በአንስታይን ስም የሚዞረው አባባል፣ እሱ ስለማለቱ ማስረጃ የለውም፤ እውነትም አይደለም። ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ስንዴና ገብስም ንብ አይጠብቁም። እንጀራው ይኖራል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ግን ከዓለም 115 ዋና ዋና ሰብሎች መካከል 87ቱ በመጠኑም ይሁን በብዙ እንስሳት እንደሚያዳቅሏቸው፣ እነሱ የግድ የሚያስፈልጓቸው ደግሞ 13 ብቻ እንደሆኑ ዘርዝሯል። ሐብሐብና ዱባ ከ13ቱ ውስጥ ናቸው። የእኛ ኑግ ደግሞ የራሱን ዱቄት የማይቀበል ስለሆነ ነፍሳት ካላመጡለት ዘሩ ያንሳል።

በዚህ አገር ይህ ሁሉ መባሉ ይገርማል። ከአፍሪካ በማር ምርት አንደኞች ነን፤ ሆለታ ላይ የንብ ምርምር ማዕከል አለን፤ ፊሽትልና አድማሱ አዲ የኢትዮጵያን የንብ ዕፅዋት ዘርዝረው በመጽሐፍ ካወጡ (1994 እ.ኤ.አ.) ሠላሳ ዓመት አልፏል። ንብን የምናያት ግን በማሯ በኩል ብቻ ነው። በየሰነዱ ማሯ በኪሎ ይመዘናል፤ ሽምግልናዋን የሚመዝን የለም።

የምኖርበት ግቢ አከራይ፣ እትዬ እላቸዋለሁ፣ በአጥሩ ላይ በየዓመቱ ዱባ ያወጣሉ። ጉርድ ሾላ ለሐብሐብ ይበርዳል፤ ዱባ ግን አይበርደውም። ከጎናችን አደይ የሚፈነዳበት ባዶ ቦታና ጥቂት አሮጌ ባሕር ዛፎች ነበሩ፤ ዛሬ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ቆሞበታል። ንብ ከእንጦጦና ከየካ ባሕር ዛፎች እስከዚህ ድረስ የምትመጣው እያነሰች ነው። ያነበብኩትን ሁሉ በጉራ ላስረዳቸው ስጀምር እትዬ አላስጨረሱኝም። ወንዴውን ዱባ አበባ ቀጠፉ፤ ገለጡ፤ ሴቴዋ ላይ ደፉት። «እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ ንብ ያልመጣ ጠዋት» አሉኝ። የትኛውም ሥልጠና ላይ ይህን የነገራቸው የለም።

የአክስቴ ልጅ በዚህ ዓመት ደግሞ ዘርቷል። ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ፣ መርጫውን የሚያዝለውን ሰው የአክስቴ ልጅ ከከፈለ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ለመርጨት ተስማምቷል። ሁለተኛው «አያለሁ» ነው ያለው። አዛውንቱ ይህን ሰምተው ሁለት ቀፎ፣ ሁለት ብቻ፣ በሌሊት በአህያ ጋሪ አምጥተው ከአጥሩ ሥር በጥላ አኑረውለታል። ኪራይ አልተቀበሉም፤ ሁለተኛው ወጣት በጠዋት መርጫ ካወጣ ግን በዚያው ሌሊት እንደሚወስዷቸው ነግረውታል።

አሁን በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይደውላል። «ዛሬ አሥራ አንድ» ይልና ይዘጋል። እናቴ የእቁቧ ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰላትም። ስልኩን ገና ሳስቀምጥ፣ ስለ ገንዘቡ ሳይሆን «ንቦቹስ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች።